ወደ አየር የተላከ ድምፅ እንዴት እንደሚወረስ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ምሳሌ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ነገር ግን ይህ ምሳሌ በተነገረበት ዘመን ድምፅ ራሱ ከነቃናው ከነትንፋሹ ተይዞ የሚቀመጥበት ዘዴ አልታወቀም ነበር። ከዚያ በኋላ ሸክላው፣ ራዲዮውና ቴፑ በመጡ ጊዜ አዲስ ጥያቄ ይዘው መጡ። በራዲዮ የተነገረና የተዘፈነ ነገር በአንዲት ሰዓት ውስጥ በእልፍ ጆሮ ይሰማል፤ ያልተቀረጸ እንደ ሆነ ግን ሰዓቲቱ ስታልፍ እርሱም አብሮ ያልፋል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ድምፅ ከቃል ወገን ተቈጥሮ ይረሳ ወይስ ከጽሑፍ ወገን ተቈጥሮ ይወረስ? ይህን ለመመርመር መቱና የኢሉባቦር ከተሞች መልካም ምሳሌ ይሆናሉ፤ ራዲዮን ለረጅም ዘመን የሰሙ፣ ከዚያም አልፎ ታላቅ ማሰራጫ በምድራቸው የተተከለ ሲሆን፣ የራሳቸው ድምፅ የት እንደ ተቀመጠ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነውና።

ድምፅን የመጠበቅ አሳብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ለብዙ መቶ ዓመታት ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ሲተላለፍ ከኖረ በኋላ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክቱን ሠርተው ከቃሉ በላይ እንዲጻፍ አደረጉ። ቅኔ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ቅኔ ለዕለቱ ታስቦ፣ በዕለቱ ማኅሌት ተሰምቶ ያልቃል፤ ያው ቅኔ ለሚመጣው በዓል አይደገምም። ታላላቅ ሊቃውንት ከተቀኙት የሚበዛው ከተሰማበት ማኅሌት ሳይወጣ ቀርቷል። ወደ ዛሬ የደረሰው አንድ ሰሚ በልቡ ይዞት ወጥቶ ለባልንጀራው የነገረው፣ ባልንጀራውም በብራና ያሰፈረው ብቻ ነው። የራዲዮ ሰዓት ጠባይም ከቅኔ ጠባይ ጋር በዚህ ይመሳሰላል፤ ለዕለቱ ተሠርቶ በዕለቱ ያልቃል፤ የሚተርፈውም አንድ ሰሚ በያዘው መጠን ነው።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «ቅኔው ቢጠበቅ መልካም ነው፤ የራዲዮ ዘፈን ግን የዓለም ነገር ስለ ሆነ ቢጠፋ ምን ይጎዳል?» ይል ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆነው በራሱ በአማርኛ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። እስከ ዛሬ ከታወቀው የአማርኛ ጽሑፍ ሁሉ ጥንታዊ የሚባለው ስብከት ወይም ሕግ ሳይሆን፣ ለዐፄ ዓምደ ጽዮን፣ ለዐፄ ይስሐቅ፣ ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና ለዐፄ ገላውዴዎስ ስለ ድላቸው የተዘፈነው የውዳሴ ግጥም ነው። ይህንንም በግእዝ መጻሕፍት መካከል ጽፎ ያቆየው ግእዝ የተማረ ጸሓፊ ነው። ኢኛትስዮ ጉይዲ የሚባለው የኢጣልያ ሊቅ በ1889 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በማተሚያ ቤት አሳትሞ ለዓለም ሊቃውንት አሳወቀው። ያ ጸሓፊ «ይህ የወታደር ዘፈን ነው፣ ብራና አይባክንበት» ብሎ ቢተወው ኖሮ፣ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት አማርኛ በሰው አፍ ምን ይመስል እንደ ነበረ የሚነግር ምስክር ባልተገኘም ነበር። ስለዚህ ዘፈንን የሚጠብቅ ሰው ከዘፈኑ ጋር ቋንቋውንም፣ ዘመኑንም፣ የሰውንም ጠባይ አብሮ ይጠብቃል።

የኢትዮጵያ ራዲዮ ታሪክ ከአቃቂ ይጀምራል። ጣቢያውን የማቆም ውል የተሰጠው አንሳልዶ ለሚባል የኢጣልያ ኩባንያ ነበረ፤ ሥራውም በ1927 ዓ.ም. ተጀመረ። በመስከረም 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ድንበር ሊጥስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኢትዮጵያን ጉዳይ በዚሁ ጣቢያ ለዓለም ተናገሩ። የኢጣልያ ሰው የሠራው መሣሪያ ኢጣልያን ለመክሰስ ዋለ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ፤ የአቃቂም ድምፅ ከኢትዮጵያ እጅ ወጣ። የመንግሥቱ ቅሪት በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ መሪነት በጎሬ ተሰበሰበ፤ ልዑል ራስ እምሩም ወደዚያው ሄዱ። የጎሬው ጳጳስ አቡነ ሚካኤል በጠላት እጅ የተገደሉት በዚህችው ከተማ ነው። ጎሬም በኅዳር 1929 ዓ.ም. ተያዘች። እንግዲህ የኢሉባቦር ሰው የመንግሥት ድምፅ ከአየር ላይ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ከሌላው አገር ይልቅ ቀርቦ ያየ ነው።

ከነጻነት በኋላ ራዲዮው እንደ ገና ተቋቁሞ በአዲስ አበባ አደባባዮች የድምፅ ማጉያ ተሰቀለ፤ መቀበያ የሌለው ሁሉ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ዜናው ሲያልቅ ዘፈን ይከተላል። የአገር ፍቅር ማኅበር፣ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ያሳደጓቸው ድምፃውያን ከመድረክ ቀጥሎ በአገሩ ሁሉ የታወቁት በራዲዮ ነው። ሸክላ የማሳተም ሥልጣን በ1940 ዓ.ም. ገደማ ለአገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ስለ ነበረ፣ ሌላው ድምፃዊ ሁሉ የሚሰማው በመድረክና በራዲዮ ነበረ። አምኃ እሸቴ ይህን ክልከላ ደፍሮ በ1961 ዓ.ም. የራሱን የሸክላ ሥራ ጀመረ፤ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም 103 ነጠላ ሸክላና 12 ታላላቅ ሸክላ አሳተመ። ከዚያ በፊት የተዘፈነው ግን አብዛኛው መጠጊያው የራዲዮ ቴፕ ብቻ ነበረ።

ቴፕ ማለት ቀጭን ረጅም የፕላስቲክ ክር ሆኖ፣ በላዩ የብረት ዝገት የመሰለ ደቃቅ ዱቄት በሙጫ የተለበጠበት ነው። የድምፁ ኃይል በኤሌክትሪክ ወደ ማግኔት ተለውጦ ያንን ዱቄት ያሰልፈዋል፤ ክሩ እንደ ገና ሲዞር ሰልፉ ተመልሶ ድምፅ ይሆናል። በራዲዮ ጣቢያ የሚሠራበት ክር በአንድ ሰከንድ 19 ሳንቲ ሜትር እየሄደ፣ 366 ሜትር የሚሆነው አንድ ጥቅል ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ይይዛል። ክሩም ውድ ነበረ። ስለዚህ ብዙ የዓለም ጣቢያዎች ትናንት የቀረጹትን ዛሬ እየደመሰሱ በዚያው ክር ላይ አዲስ ይቀርጹ ነበር፤ የእንግሊዙ ቢቢሲ እንኳ ብዙ የቀድሞ ሥራውን ያጣው በዚህ ምክንያት ነው። የተረፈውንም እርጥበት ያገኘው እንደ ሆነ ሙጫው ይላላል፣ ዱቄቱ ይረግፋል፣ ሻጋታም ይበላዋል። ጎሬና መቱ ከአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚወርድባቸው ስፍራዎች ስለ ሆኑ፣ ይህ ነገር በኢሉባቦር ቴፕና ካሴት በቤቱ ላለው ሰው ሁሉ የሚታሰብ ነው።

አሁን ወደ መቱ እንመለስ። መቱ ከአዲስ አበባ በጅማና በበደሌ በኩል 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሶር ወንዝ አጠገብ በቡናና በደን መካከል የተሠራች ከተማ ናት። ቀድሞ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ከእርስዋ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጎሬ ነበረች፤ በኋላ መቀመጫው ወደ መቱ ተዛወረ። የኢትዮጵያ ራዲዮ ከአዲስ አበባ አጠገብ ከጌጃና ከሐረር ጋር መካከለኛ ሞገድ የሚልክ ታላቅ ማሰራጫ ያቆመው በዚህችው መቱ ነው። ኃይሉ 100 ኪሎ ዋት ሲሆን በ684 ኪሎ ኸርዝ ለብዙ ዓመታት ይሰማ ነበር። የዚህ ሞገድ እያንዳንዱ እጥፋት 438 ሜትር ያህል ይረዝማል። እንዲህ ያለ ረጅም ሞገድ ቀን ቀን ምድሩን እየተከተለ ኮረብታውንና ሸለቆውን ያልፋል፤ ሲመሽ ደግሞ ወደ ላይ የወጣው ክፍል ከሰማዩ ከፍተኛ የአየር ክፍል ተመልሶ እጅግ ሩቅ አገር ይወርዳል። በጎሬ፣ በቡሬ፣ በያዮ፣ በበደሌና በጋምቤላ ያለ ሰው አንዲት ትንሽ ትራንዚስተር ይዞ፣ የደከመውን የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እያሞቀ ራዲዮ ለመስማት የቻለው በእንዲህ ያለ ሞገድ ነው።

በ1966 ዓ.ም. አብዮት ከፈነዳ በኋላ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ማታ ከቤት መውጣት ለብዙ ዓመት ተከለከለ። በዚያ ዘመን ቤት ለዋለና ለአመሸ ሰው ራዲዮ ትልቅ ባልንጀራ ሆነ። አድማጮች ደብዳቤ እየጻፉ የሚወዱትን ዘፈን ለእናታቸው፣ ለወንድማቸው፣ በዘመቻ ላይ ላለ ወዳጃቸው ያስመርጡ ነበር። አቅራቢውም ስሙንና ከተማውን አንብቦ ዘፈኑን ያሰማል። ይህን ሰዓት ታላቅ ያደረገው ዘፈኑ ብቻ አልነበረም። በሁለት ዘፈን መካከል ያለችው አጭር ንግግር፣ የአቅራቢው ድምፅና የመልእክቱ ቃል ሁሉ በአንድነት ታሪክ ናቸው፤ ማን ከማን ተለይቶ እንደ ነበረ፣ ሰው ምን ይናፍቅ እንደ ነበረ የሚነግሩ እነርሱ ናቸው። የሸክላው ዘፈን ከሌላ ስፍራ ሊገኝ ይችላል፤ ይህች በመካከል ያለችው ንግግር ግን ከዚያች ሰዓት በቀር የትም የለችም።

ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ዘፈን መራጩ እንደ ልቡ የሚመርጥ አልነበረም፤ የመንግሥት ሳንሱር በበላዩ ነበረ። አዲስ አበባ ላይ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው ታላቁ የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ እንኳ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። ዘፈን አቅራቢ ከተጻፈለት ዝርዝር ወጥቶ፣ እንደ አሳቡና እንደ ዕውቀቱ አንዱን ዘፈን ከሌላው እያያያዘ የሚያቀርብበት ልማድ በሌላው ዓለም የታወቀው በዚያው ዘመን ነው። በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ቶም ዶናሁ በ1959 ዓ.ም. ይህን መንገድ በአንድ አነስተኛ ጣቢያ ጀመረ። በእንግሊዝ ጆን ፒል ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ ጥቅምት 1997 ዓ.ም. ድረስ ማንም የማያውቃቸውን ድምፃውያን እያቀረበ ለሕዝብ አስተዋወቀ፤ በስቱዲዮውም ከ4,000 የሚበልጥ ቅጂ ተሠራ። ጣቢያው ሳያስቀምጣቸው ከቀሩት ሰዓቶቹ ብዙዎቹ በኋላ የተገኙት፣ አድማጮች በቤታቸው በካሴት ቀድተው ስላቆዩአቸው ነው።

ወደ አፍሪካ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ሊዮ ሳርኪስያን ነው። ይህ የአርመን ዘር የሆነ አሜሪካዊ የድምፅ ቀራጭ ባለሙያ በጊኒ ከተማ በኮናክሪ ሳለ ኤድዋርድ መሮ ራሱ መጥቶ ለአሜሪካ ድምፅ ራዲዮ ቀጠረው። በግንቦት 1957 ዓ.ም. የአፍሪካን ሙዚቃ የሚያሰማ ሰዓት ጀመረ፤ መቅረጫውን ተሸክሞም ከአገር ወደ አገር እየዞረ ራሱ ቀረጸ። ከዘጠና ዓመት ዕድሜው በኋላ ሥራውን ሲተው ከ10,000 የሚበልጥ ቴፕ ትቶ ነበር፤ ይህም ስብስብ ለመጠበቅና ወደ ዲጂታል ለመገልበጥ ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተላከ። ሳርኪስያን በ2010 ዓ.ም. ቢሞትም የሰማቸው ድምፆች ከእርሱ ጋር አልሞቱም። ይህ ሰው ሁለት ሥራ በአንድነት ሠራ፤ ዘፈን መረጠ፣ የመረጠውንም ጠበቀ። ሁለተኛውን ባይሠራ የመጀመሪያው በአየር ላይ ቀርቶ ነበር።

ጎረቤት ሶማሊያም ሌላ ትምህርት ትሰጣለች። በ1980 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን በአውሮፕላን ሲደበድብ፣ የራዲዮ ሐርጌሳ ሠራተኞችና ሌሎች ሰዎች ቴፖቹን አውጥተው ደበቁ። ከተማይቱ ፈረሰች፤ ዘፈኑ ግን ተረፈ። በኋላ በሐርጌሳ የተሰበሰበው የካሴት ስብስብ ከ14,000 በላይ ሆነ፤ ከእርሱ የተመረጡ ዘፈኖች በ2017 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ታትመው በዓለም ተሰሙ። ያን ድምፅ ያዳነው ሀብት ወይም ትልቅ ሕንፃ አይደለም፤ ይህ ነገር ዋጋ አለው ብለው ያመኑ ጥቂት ሰዎች ናቸው።

በኢትዮጵያ ደግሞ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባለው ፈረንሳዊ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም የቀድሞውን የኢትዮጵያ ሙዚቃ ከ30 በማያንሱ ክፍሎች አሳተመ። ይህ ሥራ የማኅሙድ አሕመድን፣ የዓለማየሁ እሸቴን፣ የሙላቱ አስታጥቄን ስም ለዓለም አሰማ። ነገር ግን ሊቃውንት ልብ ይበሉ፤ ከዚያ ሥራ የሚበዛው የተገኘው ከሸክላ ነው። ወደ ሸክላ ያልገባው፣ በራዲዮ ብቻ የተሰማው፣ ከዚያም ይልቅ ከአዲስ አበባ ርቆ በየጠቅላይ ግዛቱ የተዘፈነው በዚህ መንገድ ሊገኝ አይችልም።

ከዚህ በኋላ የራዲዮ ነጻነት እየሰፋ መጣ። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም. ተከፈተ፤ መዓዛ ብሩ ያቋቋመችው ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በእነዚህ ጣቢያዎች ጨዋታና ዘፈን ተያይዘው፣ አቅራቢው እንደ አሳቡ የሚናገርበት ሰዓት ተለመደ፤ የሸገር «የጨዋታ እንግዳ» የሰውን ሕይወት ከልጅነት ጀምሮ እየጠየቀ የብዙ ሰዎችን ታሪክ በራሳቸው ድምፅ ያዘ። ነገር ግን የኤፍ ኤም ሞገድ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ተራራና የምድር ክብነት ያግዱታል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ኤፍ ኤም የደረሰበትን ነጻ ጨዋታ የመቱ ሰው በመካከለኛው ሞገድ እንደ ሰማው ዓይነት በቀጥታ ሊሰማው አልቻለም። ድምፅ በሞገድ ካልደረሰ በመዝገብ ሊደርስ ይገባል፤ ይህም የመዝገብን ጥቅም እጥፍ ያደርገዋል።

ወደ ኢሉባቦር ስንመጣ ነገሩ ከዘፈን አልፎ የቋንቋ ነገር ይሆናል። የቀድሞው ጠቅላይ ግዛት ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ተከፋፍሎ፣ መቱና ጎሬ በኢሉ አባ ቦራ፣ በደሌ በቡኖ በደሌ፣ የባሮ ቈላውም በጋምቤላ ክልል ሆኗል። በዚህ ምድር ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ አኙዋክኛና ኑዌርኛ ይነገራሉ፤ የሠርጉ ዘፈን፣ የቡና ለቀማው ዜማ፣ የሐዘኑ እንጉርጉሮ እንደየቋንቋው የተለያየ ነው። ይህ ሁሉ እንደ ጥንቱ የዐፄ ይስሐቅ ግጥም የሚጽፈው ጸሓፊ ይፈልጋል፤ የዚህ ዘመን ጸሓፊ ግን ብራና ፋንታ መቅረጫ ይይዛል።

ሥራውም ከአቅም በላይ አይደለም። በመቱ፣ በጎሬ፣ በበደሌ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ ካሴቶች አሉ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ከሠርግና ከልጅ ድምፅ ጋር በራዲዮ የተሰማ ሰዓት ተቀድቶ ይገኝ ይሆናል። እንደ ጆን ፒል አድማጮች ካሴት ሁሉ፣ ጣቢያው ያጣውን አንድ የቡና ነጋዴ ወይም አንድ መምህር ሳያውቀው ጠብቆት ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ በካሴቱ ላይ ማን፣ መቼ፣ የት እንደ ቀዳው ይጻፍ፤ ድምፅ ያለ ስምና ያለ ቀን ሲቀር አባት እንደሌለው ልጅ ነውና። ሁለተኛ ከእርጥበትና ከማግኔት ይራቅ። ሦስተኛ ወደ ዲጂታል ሲገለበጥ አሮጌው ክር አይጣል፤ ነገ የተሻለ መሣሪያ ከእርሱ የተሻለ ድምፅ ሊያወጣ ይችላልና። አራተኛ በአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን በሁለትና በሦስት ስፍራ ይቀመጥ። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመቱ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ የቀረበ ቤት ነው። ለመጽሐፍ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ወመዘክር እንደ ተቋቋመ፣ ለድምፅም እንዲሁ መጠጊያ ሊሆነው ይገባል።

ይህ ሥራ ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ብራና በእንክብካቤ ከተያዘ አምስት መቶ ዓመት ይቈያል፤ የቴፕ ክር ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይበላሻል፣ የሚያጫውተው መሣሪያም ከገበያ እየጠፋ ነው። በእነዚያ ሰዓቶች የተናገሩት፣ ደብዳቤ የጻፉትና ዘፈን ያስመረጡት ሰዎች አርጅተዋል፤ ድምፁን ሰምተው «ይህ እገሌ ነው፣ ይህ በእገሌ ዓመት ነበረ» ብለው ሊመሰክሩ የሚችሉት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ በኢሉባቦር ያለ ልጅ ሁሉ ዛሬ ወደ አያቱ ሄዶ ሣጥኑን አስከፍቶ ይጠይቅ፤ የሰማውንም በካሴቱ ላይ ይጻፍ።